ተሰዳጆቹ ኩሬዎች

ሽሪምፕ ለአብዛኛው የአማርኛ አንባቢ የማዕድ ነገር አይደለም። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት የሚከለክለው የኦሪት ሕግ በኦርቶዶክሱም ቤት፣ በቤተ እስራኤልም ዘንድ ዛሬም ይከበራል፤ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ምግብ ቤት ውጭ ይህን ፍጥረት በዐይኑ ያየ ሰውም ብዙ አይደለም። ታሪኩ ግን በላንም አልበላንም ይመለከተናል። አንድ ድሃ አገር ዶላር የሚያመጣ ምርት እጁ ሲገባ መንግሥቱ፣ ባለሀብቱና ጎረቤቱ ምን እንደሚያደርጉ የሽሪምፕ እርባታን ያህል ገልጦ የሚያሳይ ታሪክ ጥቂት ነው። በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ የእርባታ ኩሬዎች ከዳርቻ ወደ ዳርቻ፣ ከአገር ወደ አገር ሲሰደዱ ኖረዋል፤ በየደረሱበት ጥቂት ዓመት ደመቁ፣ ከዚያ ባዶ ጉድጓድ ትተው ሄዱ። የዘርፉ ሰዎች ይህን ስደት በበሽታ ያመካኛሉ። በሽታው እውነት ነው፤ ነገር ግን ታሞ የሚድንም፣ ባለበት የሚታከምም አለ። አርቢውን ያሰደደው አዲስ ዳርቻ መያዝ የያዙትን ከማደስ ርካሽ መሆኑ ነው። ያረከሰው ደግሞ በአብዛኛው መንግሥት ነበር። ነገሩን ከመጀመሪያው እንከተለው፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዘመናዊው እርባታ በፊት የነበረው ዘዴ ስደት አያውቅም ነበር። በጃቫና በቤንጋል ያሉ ገበሬዎች ከባሕሩ ጠርዝ ኩሬ ይቆፍራሉ፤ ባሕሩ ሲሞላ በሩን ይከፍታሉ፣ ውሃው ዓሣውንና የሽሪምፑን ጫጩት ይዞ ይገባል፣ ባሕሩ ሲጎድል ይዘጋሉ። መኖ የለም፣ መድኃኒት የለም፤ ምርቱም በሄክታር ቢበዛ ጥቂት መቶ ኪሎ ነው። በዝናቡ ወራት እዚያው ማሳ ላይ ሩዝ የሚዘራበት ቦታም ነበር። ጫጩቱን የሚሰጠው ባሕሩና የማንግሮቩ ደን፣ ማለትም ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሥሩን ሰዶ የሚቆመው የዳርቻ ደን ነበርና፣ ደኑን መመንጠር የራስን ዘር ማቃጠል ይሆን ነበር። ይህን ትስስር የበጠሰው ጃፓናዊው ሳይንቲስት ሞቶሳኩ ፉጂናጋ ነው። በ1930ዎቹ ኩሩማ የሚባለውን ሽሪምፕ በላቦራቶሪ አስፈልፍሎ ዕጩን ማሳደግ ቻለ፤ የደረሰበትንም በ1942፣ ጦርነቱ እየነደደ ሳለ አሳተመ። ነገሩ ወደ ንግድ የገባው በ1960ዎቹ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ከነነፍሱ ገበያ ለሚቀርብ፣ ኪሱ ሞላ ያለ ጃፓናዊ ብቻ ለሚገዛው ሽሪምፕ ነበር። የግኝቱ ኢኮኖሚያዊ ትርጉም ግን ከሳይንሱ አያንስም፦ ከዚያ ወዲህ ሽሪምፕ ለማርባት አጠገብ ጤናማ ደን መኖሩ ግዴታ መሆኑ ቀረ።

በ1968 በታይዋን ቱንግካንግ በሚገኘው የባሕር ላቦራቶሪ ሊያዎ ዪ-ቺዩና ባልደረቦቹ ተመሳሳዩን ውጤት በጥቁሩ ነብር ሽሪምፕ ላይ አገኙ። ነብር ሽሪምፕ ግዙፍ ነው፣ ቶሎ ያድጋል፣ ጃፓንም በውድ ትገዛዋለች። የተቀነባበረ መኖ ተጨመረለት፤ ውሃውን እየመታ አየር የሚያስገባ በሞተር የሚሽከረከር መቅዘፊያ ተገጠመለት፤ ምርቱም በሄክታር በቶን መቆጠር ጀመረ። በ1987 ታይዋን ከ80 ሺህ ቶን በላይ አመረተች። በማግሥቱ ዓመት ምርቱ ከግማሽ በታች ወረደ። ቫይረስ ነበር፤ በመኖ ትርፍራፊና በኩስ የተሞላ ውሃም ነበር፤ ሽሪምፑም ከመጠን በላይ ተጨናንቆ ነበር። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የጉድጓድ ውሃው ታሪክ ነው። ነብር ሽሪምፕ ጨዉ የቀጠነ ውሃ ይስማማዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ አርቢ የባሕሩን ውሃ የሚያቀጥንበት የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ ሳበ። ለናፍጣውና ለኤሌክትሪኩ ይከፍላል፤ ለውሃው ግን ለማንም አይከፍልም። ጎረቤቱ እየሳበ እሱ ቢቆጠብ ደግሞ የተረፈው ውሃ ለጎረቤቱ ነው። በፒንግቱንግ ዳርቻ መሬቱ በአንዳንድ ቦታ ከ2 ሜትር በላይ ሰመጠ፤ የባሕር ውሃ ወደ ጉድጓዶቹ ገባ፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፍ ከመንደር አልወጣ አለ። የሽሪምፑ ገንዘብ መጥቶ ከሄደ በኋላ የመከላከያ ግድቡንና የውሃ ማስወገጃ ፓምፑን ወጪ የተሸከመው ግብር ከፋዩ ነው። አርቢው በመዝገቡ ላይ ያሰፈረው ትርፍ ሐሰት አልነበረም፤ ከወጪው ግማሹ በሌላ ሰው መዝገብ ላይ ተጽፎ ነው እንጂ።

ሌላም ያልታሰበ ነገር መጣ። በ1988 መገባደጃ የጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ በጠና ታመሙ፤ በጃንዋሪ 1989 አረፉ። አገሩ ድግሱንና ግብዣውን አቋረጠ፤ የሽሪምፕ ዋጋም ወደቀ። በአንድ ገበያና በአንድ የቅንጦት ምግብ ላይ የተንጠለጠለ ወጪ ንግድ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚናጋ የታየበት አጋጣሚ ነበር፤ ቡና ሻጭ ለሆነ አገር ሰው ነገሩን ማስረዳት አያስፈልግም። ዋጋው ሲወድቅ ግን እርባታው አልቀነሰም። የታይዋን ዕውቀት፣ መኖና ማሽን ርካሽ ዳርቻ ወዳለበት መጓዙን ቀጠለ፦ ወደ ቻይና፣ ወደ ኢንዶኔዥያ፣ ወደ ታይላንድ፣ የስኳር ዋጋ ሲሰበር የሸንኮራ ባለርስቶች አዲስ ሥራ ወደፈለጉባት የፊሊፒንሷ ኔግሮስ ደሴት። በሌላው የዓለም ጫፍ፣ በኢኳዶር ኤል ኦሮ ጠቅላይ ግዛት፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሙዝ ተካዮች በሽሪምፕ እርባታ ተሰማርተው ነበር። መጀመሪያ የቆፈሩት ከማንግሮቩ ጀርባ ያለውን ዛፍ አልባ የጨው ሜዳ ነበር። እሱ ሲያልቅ ወደ ደኑ ገቡ። ማንግሮቩ በሕግ የመንግሥት ነው፤ በ1980ዎቹም ጥበቃ ታውጆለታል፤ ነገር ግን የመንግሥት የሆነና ጠባቂ የሌለው መሬት ለደፋር ሰው በነጻ የተሰጠ ያህል ነው። በ1969 ከ200 ሺህ ሄክታር በላይ የነበረው የኢኳዶር ማንግሮቭ በ1999 ወደ 150 ሺህ ገደማ ወርዶ ተገኘ።

ስደቱ በአንድ አገር ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ግን ከታይላንድ በላይ የሚያሳይ የለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ እርባታው ከባንኮክ በታች ባለው የላይኛው ባሕረ ሰላጤ፣ በሳሙት ሳኮንና በሳሙት ሶንግክራም ተስፋፋ። በ1989 እና በ1990 ያ አካባቢ በራሱ ቆሻሻ ታፍኖ ወደቀ። አርቢዎቹ ወደ ምሥራቅ ወደ ቻንታቡሪ፣ ወደ ደቡብ ወደ ናኮን ሲ ታማራትና ወደ ሱራት ታኒ ሄዱ፤ አገሪቱም ትልቅ ክፍሏ በወደቀባቸው በእነዚያው ዓመታት የዓለም ቀዳሚ አምራች ሆነች። በ1991 መንግሥት ደንብ አወጣ፦ ከ8 ሄክታር በላይ የሆነ እርባታ የቆሻሻ ውሃ ማጣሪያ ኩሬ ይኑረው አለ። ከታይላንድ አርቢዎች አብዛኞቹ ከዚያ በታች ነበሩ፤ ደንቡ ያልነካቸው ብዙኃኑ ናቸው። የባሕሩ ዳርቻ ሲሞላ እርባታው ጨዋማ ውሃ በቦቴ እያስጫነ ወደ ቻኦ ፕራያ የሩዝ ሜዳ፣ ከባሕር ብዙ ርቆ ገባ። የሩዝ ገበሬው ጮኸ፤ በ1998 መንግሥት ጨው አልባ ውሃ ባለበት አካባቢ እርባታውን ከለከለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ብዙው ጨው መሬቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

የዚህን ዘመን ሒሳብ ከሁሉ በላይ አጥርቶ የሠራው ኤድዋርድ ባርቢየር የተባለው የኢኮኖሚ ምሁር ነው። በመጀመሪያ ከሱታዋን ሳቲራታይ ጋር በሱራት ታኒ ያለች አንዲት መንደር ላይ፣ በኋላም በ2007 በታተመ ሰፋ ያለ ጥናት የታይላንድን ማንግሮቭ ከሽሪምፕ ኩሬው ጋር በሚዛን አስቀመጠ። ከ1996 እስከ 2004 ባለው ጊዜ አንድ ሄክታር ኩሬ ለባለቤቱ በአሁናዊ ዋጋ 9,632 ዶላር ትርፍ ያስገኛል። ከዚያ ውስጥ ግን 8,412 ዶላሩ ድጎማ ነው። ሲቀነስ ለአገሪቱ የሚተርፋት 1,220 ዶላር ብቻ ነው፤ ከዚህም ላይ የውሃ ብክለቱ ወደ 1,000 ዶላር ይወስዳል። ኩሬው በአምስት ዓመት ገደማ ሲተው መሬቱን ወደ ማንግሮቭ መመለስ በሄክታር 9,318 ዶላር ይጠይቃል። በሌላው ሚዛን ላይ ያልተነካ ማንግሮቭ አለ፦ ከእንጨትና መሰል ምርቱ 584 ዶላር፣ ለዓሣ መራቢያነቱ 987 ዶላር፣ ከማዕበል ለመከላከሉ 10,821 ዶላር፣ ድምሩ 12,392 ዶላር። ይህን የሚያጣጥሉ አሉ፤ የማዕበል መከላከያው ዋጋ በሞዴል የተገመተ ነው፣ ደኑ ከዳርቻው በራቀ ቁጥርም ጥቅሙ ይቀንሳል ይላሉ። ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። እንግዲያው ያን ቁጥር ጨርሰን እንጣለው። እንጨቱና ዓሣው ብቻ 1,571 ዶላር ይሆናሉ፤ ብክለቱ ገና ሳይቀነስ ከኩሬው 1,220 ዶላር ይበልጣሉ። ክርክሩን ለማሸነፍ ማዕበል አያስፈልግም። ገበሬውም ቢሆን ሞኝ አይደለም፤ 9,632 ዶላር እጁ የሚገባ ሰው 584 ዶላር ለሚያወጣ እንጨት ደን አይጠብቅም፤ በተለይ ደኑ የእሱ ካልሆነ፣ የሚያጠምደው ዓሣም የሌላ ሰው ከሆነ። ሒሳቡን ያጣመመው ድጎማው፣ የነጻው መሬትና ሳይከፈል የሚቀረው የማደሻ ወጪ ነው። አንድ ሰው ኩሬ ከመቆፈሩ በፊት ያን 9,318 ዶላር መያዣ አስቀምጥ ቢባል ኖሮ በደኑ ውስጥ አብዛኛው ኩሬ ባልተቆፈረ ነበር።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የቻይና ውድቀት ደረሰ። በ1992 ከ200 ሺህ ቶን በላይ ያመረተችው አገር በ1993 ከ90 ሺህ በታች ወረደች። መንስኤው ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው ቫይረስ ነበር። ሽሪምፑ ልባሱ ላይ ነጭ ነጥብ ይወጣበታል፤ በቀናት ውስጥ ኩሬው ሙሉ ያልቃል። ቫይረሱን የፈጠረው ኢኮኖሚ አይደለም፤ ጉዞውን ያፋጠነው ግን እሱ ነው። የአንዱ ኩሬ መውጫ የጎረቤቱ መግቢያ ነው። በሽታ ያየ አርቢ ያለው አማራጭ ቶሎ አጥምዶ ትንሹንም ቢሆን መሸጥና ውሃውን መልቀቅ ነው፤ እሱ ያተርፋል፣ ቦዩን የሚጋሩት ይከስራሉ። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ አርቢ ብቻውን ንጹሕ ቢሆን ምንም አይጠቅመውም። መፍትሔው መግቢያና መውጫ ቦይን መለየት ነው፤ ይህ ደግሞ ከአንድ ግለሰብ ኪስ በላይ የሆነ ገንዘብ ይጠይቃል። ታይላንድ በቻንታቡሪ በኩንግ ክራባኤን ባሕረ ሰርጥ ይህንኑ ሠርታ አሳይታለች፦ ንጹሕ ውሃ ከሰፊው ባሕር በፓምፕ ለሁሉም ይመጣል፣ ያገለገለው በሌላ ቦይ ይወጣል፣ ከፊቱ ያለው ማንግሮቭም ሳይነካ ቆሻሻውን ያጣራል። ድጎማ የግድ ከሆነ ገንዘቡ የሚውልበት ቦታ እዚህ ነበር።

ሕንድ ጉዳዩን በፍርድ ቤት ሞከረችው። በታሚል ናዱ ዳርቻ የሩዝ ማሳቸው አጠገብ ኩሬ የተቆፈረባቸው መንደሮች የጉድጓድ ውሃቸው ጨው ሆነ፤ ዓሣ አጥማጁ ወደ ባሕር የሚወርድበት መንገድ ተዘጋ። የጋንዲ ተከታይ የነበሩት አዛውንቱ ኤስ. ጃጋናታን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት አሉ። በዲሴምበር 11 ቀን 1996 ዳኛ ኩልዲፕ ሲንግ የተሳተፉበት ችሎት ከሙላት መስመር 500 ሜትር ክልል ውስጥ ያሉት፣ ከባህላዊዎቹ በቀር፣ ሁሉም የሽሪምፕ ኩሬዎች እንዲፈርሱ፣ የበከለ እንዲከፍል፣ ለሚበተኑት ሠራተኞችም የስድስት ዓመት ደመወዝ እንዲሰጣቸው ወሰነ። ከፊታቸው የነበረው የአገሪቱ የአካባቢ ምህንድስና ምርምር ተቋም ጥናት በአንድራ ፕራዴሽ ጉዳቱ ከገቢው አራት እጥፍ፣ በታሚል ናዱ አንድ ተኩል እጥፍ መሆኑን ይናገር ነበር። እነዚህ ቁጥሮች እንደ ባርቢየሩ የተፈተጉ አይደሉም፤ ውሳኔውም ደፋር ነበር፣ ምናልባትም ከልክ በላይ ደፋር። አፈጻጸሙ ወዲያው ታገደ። በ2005 ፓርላማው የባሕር ዳርቻ እርባታ ባለሥልጣን የሚያቋቁም ሕግ አወጣና 500 ሜትሩ በ200 ሜትር ተተካ፤ አስቀድሞ የነበረውም ኩሬ በቦታው እንዲቀጥል ተፈቀደለት። ከዚህ የምወስደው ፍርድ ቤቱ ተሳስቷል የሚል አይደለም። ሺህ ኩሬ ከተቆፈረ፣ ብድሩ ከወጣ፣ ሠራተኛው ከተቀጠረ በኋላ የሚመጣ ክልከላ የገዛ ጠላቶቹን ሠርቶ ይመጣል፤ ከኩሬው በፊት ቢመጣ የሚቃወመው እጅግ ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይነሳል፦ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለጠገበ አገር ነው፤ ድሃ አገር ሥራና የውጭ ምንዛሪ ያስፈልገዋል፣ ሽሪምፕም ሁለቱንም ሰጥቷል። ምንዛሪው አይካድም። ታይላንድ፣ ሕንድ፣ ቬትናምና ኢኳዶር በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ሽጠዋል፤ የማስፈልፈያው፣ የመኖ ፋብሪካውና የማቀነባበሪያው ሥራም እውነተኛ ነው። ግን ምንዛሪ ጥቅል ገቢ ነው፤ ለመኖው፣ ለማሽኑና ለጫጩቱ የወጣው ሲቀነስ ነው የሚለካው። ሥራውስ ለማን ነው? ባንግላዴሽን እንይ። በ1960ዎቹ በደቡብ ምዕራብ ዴልታ ጨው ወደ ሩዝ እንዳይገባ ትላልቅ ግድቦች ተሠሩ። በ1980ዎቹ የሽሪምፕ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ከከተማ የመጡና ኃይለኛ ወዳጅ ያላቸው፣ እነዚያኑ ግድቦች እየበሱ የጨው ውሃ አስገቡ። በመሀል ማሳ ያለው ትንሽ ገበሬ ፈለገም አልፈለገም መሬቱ ጨው ሆነ፤ የነበረው አማራጭ በተሰጠው ዋጋ ማከራየት ነው። መሬት የሌለው ደግሞ የሩዝ አጨዳ ሥራውን፣ የላሙን ግጦሽና የጓሮ አትክልቱን አንድ ላይ አጣ፤ ሽሪምፕ ሩዝ የሚፈልገውን ያህል እጅ አይፈልግምና። ስለዚህ ተቃውሞው መመለስ ያለበት ሥራ ተፈጠረ ወይስ አልተፈጠረም ለሚለው ብቻ አይደለም፤ የጠፋው ሥራም ይቆጠር። በሄክታር 1,220 ዶላር የሚያስገኝ የታይላንድ ኩሬ 8,412 ዶላር ድጎማ ከበላ፣ ያው ገንዘብ በትምህርት ቤት ወይም በመንገድ ላይ ምን ያህል ሥራ ይፈጥር እንደነበርም እንዲሁ።

በ1999 ነጭ ነጠብጣብ ኢኳዶር ደረሰ። ያ ዓመት አገሪቱ ባንኮቿ የተዘጉበት ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት የራሷን ገንዘብ ትታ ዶላር ያዘች። በ1998 ወደ 875 ሚሊዮን ዶላር የነበረው የሽሪምፕ ሽያጭ በ2000 ወደ 300 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። እንደ ታይላንድ ቢሆን አርቢው ዳርቻ ይቀይር ነበር። እዚህ ግን የሚሄድበት ቀሪ ርካሽ ዳርቻ ጠብቧል፣ የሚበደርበት ባንክም የለም። ስለዚህ ባለበት ቀረ። ኩሬውን አላጨናነቀም፤ በሽታው ያልገደላቸውን ሽሪምፖች እየመረጠ ከነሱ አራባ። በሚቀጥሉት ዓመታት ዘሩ እየጠነከረ ሄደ። ለኔ የዚህ ታሪክ ሁሉ መገጣጠሚያ ይህ ነው፦ መሰደድ ሲያቅት ማደስ ተጀመረ። ከኛው ቀይ ባሕር ጠርዝም የዚያ ዘመን ምሳሌ አለ። አሜሪካዊው ካርል ሆጅስ በምፅዋ አቅራቢያ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሽሪምፑን ቆሻሻ ውሃ ወደ ባሕር ከመልቀቅ ይልቅ ጨው የሚችሉ ተክሎችንና ማንግሮቭን የሚያጠጣበት እርባታ አቋቁሞ ነበር። ሐሳቡ ብክለቱን ወደ ማዳበሪያ የሚለውጥ ነበር፤ በ2003 ተዘጋ። የቆሻሻውን ዋጋ ራሱ የሚሸከም እርባታ፣ ያንን ከማይሸከሙት ጋር በአንድ የዓለም ገበያ በአንድ ዋጋ መወዳደር እንዳለበት ግን የተዘጋበት ምክንያት ምንም ይሁን ግልጽ ነው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቫናሜይ የሚባለው የፓስፊክ ነጭ ሽሪምፕ እስያን ወረሰ። በሃዋይ ከበሽታ ነጻ የሆነ ወላጅ ዘር ከተዘጋጀለት በኋላ እንደ ዶሮ በትውልድ እየተመረጠ የሚራባ ሆነ። የቴክኖሎጂ ወዳጆች እዚህ ላይ ችግሩ ተፈታ ይላሉ፤ ከትንሽ መሬት ብዙ ምርት ሲገኝ ደን መመንጠር አያስፈልግም። ይህ ከፊል እውነት ነው፤ የማንግሮቭ ምንጠራው ከ1990ዎቹ ወዲህ መቀዝቀዙ አይካድም። ግን ምርቱ ሲያድግ ዋጋው ወደቀ። የዘሩ ጥቅም በዋናነት የሄደው ሽሪምፕ ከታሸገ ቱና በልጦ የአገሩ ተወዳጅ የባሕር ምግብ ወደሆነበት የአሜሪካ ሱፐርማርኬት ነው፤ አርቢው በኪሎ ያነሰውን ትርፍ ብዙ ኪሎ በማምረት ለማካካስ ይበልጥ አጨናነቀ። በዲሴምበር 31 ቀን 2003 የአሜሪካ ሽሪምፕ አጥማጆች ብራዚልን፣ ቻይናን፣ ኢኳዶርን፣ ሕንድን፣ ታይላንድንና ቬትናምን ከዋጋ በታች ይሸጣሉ ብለው ከሰሱ፤ በ2005 መጀመሪያ ታሪፍ ተጣለ። በጊዜው በነበረ ሕግ መሠረት ከታሪፉ የተሰበሰበው ገንዘብ ለከሳሾቹ ይከፋፈል ነበር፤ የክስ ማበረታቻ ከዚህ በላይ አይገኝም። በዱቄት ተለውሶ የሚጠበስ ሽሪምፕ ከታሪፉ ውጭ ስለነበር ነጋዴው ሽሪምፑን ዱቄት አለበሰው። የዓለም ንግድ ድርጅትም የታሪፉን ስሌት በኢኳዶር፣ በታይላንድና በቬትናም ክሶች አወገዘው። ከዋጋ በታች የሚለው ክስ ግን በስህተት እውነት ነክቶ ነበር። ሽሪምፑ በርግጥ ከእውነተኛ ዋጋው በታች ይሸጥ ነበር፤ ልዩነቱን የሚከፍለው ግን የፒንግቱንግ ነዋሪና የቤንጋል ገበሬ እንጂ የሉዊዚያና አጥማጅ አልነበረም።

የቴክኖሎጂው መልስ በሚቀጥለው አስርት ዓመት ተፈተነ። በ2009 ቻይና ውስጥ የታየ አዲስ ሞት በ2010 ቬትናም፣ በ2011 ማሌዥያ፣ በ2012 ታይላንድ ደረሰ። ጫጩቱ ኩሬ በገባ በወር ውስጥ ያልቃል። በ2013 በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የዶናልድ ላይትነር ቡድን መንስኤው መርዝ የሚያመነጭ የባክቴሪያ ዝርያ መሆኑን ለየ። በ2011 ወደ 600 ሺህ ቶን ያመርት የነበረው የታይላንድ እርባታ በ2014 ከግማሽ በታች ሆነ። ከዚያም ወጪው የተደበቀበት ሌላ ጓዳ ተከፈተ። ሽሪምፕ የዓሣ ዱቄት ይበላል፤ ዱቄቱ ከባሕር ይመጣል፤ በ2014 እና በ2015 የወጡ የጋዜጠኞች ምርመራዎች በታይላንድ የዓሣ ጀልባዎች ላይ በግዳጅ የሚሠሩ፣ የተሸጡ ስደተኛ ሠራተኞች እንዳሉ አጋለጡ። የአሶሺዬትድ ፕሬስ ዘገባ የ2016 የፑሊትዘር ሽልማትን አገኘ፤ የአውሮፓ ኅብረትም ለታይላንድ ቢጫ ካርድ ሰጠ። የምስክር ወረቀት ሰጪዎችም በዚያው ሰሞን ደረሱ። በ2014 የወጣው ዋናው መለኪያ ከሜይ 1999 በኋላ ከማንግሮቭ የተቆፈረ ኩሬ አይመሰከርለትም ይላል። መስመር የሆነ ቦታ መሰመር ነበረበት፤ ግን ከዚያ ቀን በፊት የመነጠረው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ተሻገረ።

ኢኳዶር በበኩሏ በኦክቶበር 2008 በፕሬዚዳንት ራፋኤል ኮሪያ ዘመን ሌላ መንገድ ሞክራለች። ማንግሮቭ ውስጥ ያለ ፈቃድ የተቆፈሩ ኩሬዎች ተመዝግበው ኪራይ እየከፈሉ ሕጋዊ ይሁኑ፣ በለውጡ እንደ ስፋታቸው ከ10 እስከ 30 በመቶውን መሬት መልሰው ማንግሮቭ ይትከሉበት ተባለ። ዓሣ አጥማጆቹና ዛጎል ለቃሚዎቹ ሌባን መሸለም ነው ብለው ተቆጡ፤ ቁጣቸውም ተገቢ ነበር። እኔ ግን ከሕንዱ ፍርድና ከታይላንዱ ደንብ አጠገብ ሳስቀምጠው ይህን አላጣጥለውም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በነጻ ይያዝ የነበረው መሬት ዋጋና ባለቤት አገኘ። ባለቤት ያለው ኩሬ አይሰደድም። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ እርባታ ምርጥ ዘርንና አውቶማቲክ መኖ ማከፋፈያን ይዞ አደገ፤ በ2022 ኢኳዶር ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ልካ ከዓለም ላኪዎች ፊት ቆመች። በ2023 የላከችው መጠን ጨመረ፤ ያገኘችው ገንዘብ ግን ቀነሰ። በዲሴምበር 2024 ደግሞ ዋሽንግተን ከኢኳዶር፣ ከሕንድና ከቬትናም በሚመጣ ሽሪምፕ ላይ የድጎማ ማካካሻ ታሪፍ ጣለች። የአሜሪካው ሕግ ድጎማውን በመቶኛ ለክቶ፣ በአገሩ አጥማጅ ላይ ምን ጉዳት አደረሰ ብሎ ይጠይቃል። በጉያኪል ባሕረ ሰላጤ ጭቃ ውስጥ እጁን እስከ ክንዱ ሰድዶ ዛጎል የሚለቅመው ሰው ምን እንደደረሰበት የሚጠይቅ አንቀጽ የለውም።